የወይዘሮ ትርንጎ ሦስት ከተሞች

በአንድ ወቅት፣ ከተማ ሁሉ «ስማርት ሲቲ ካልሆንኩ» ብሎ በተነሣበት ዘመን፣ የሦስት ከተሞችን ዕቅድ የሚመሩ ሦስት የአንድ እናት ልጆች ነበሩ። እናታቸው ወይዘሮ ትርንጎ መርሳት ጀምረዋል። ከሞቱ ዓመታት ያስቆጠሩትን ባላቸውን ፍለጋ ይወጡና መመለሻው ይጠፋባቸዋል። ልጆቹም በየተራ ይጦሯቸው ነበር።

የበኩሩ የደምሰው ከተማ ሐይቅ ዳር ናት። ዕቅዱን የጀመረው ከካሜራ ነው፤ ካሜራ ያልተሰቀለበት ምሰሶ ብትፈልጉ አታገኙም። እናቱ የጠፉ ዕለት በሩብ ሰዓት ተገኙ፤ እንቅፋት እንኳ አልመታቸውም። ከዚያ ወዲህ ግን ሲወጡ ፊታቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። «ከላይ ሆኖ የሚያየኝ ማን ነው ልጄ?» ይላሉ።

ሁለተኛዋ ልጅ ሰናይት ያለችው ደጋ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ቤት ለቤት እየዞረች «ምን ቸገራችሁ?» ስትል ከረመች። አለቆቿ ሲነጫነጩባት «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ትላቸዋለች። በመጨረሻ ዕድሩን፣ ባለሱቁን፣ የባጃጅ ሾፌሩን ሰው ሲጠፋ ለሁሉም በአንዴ በሚደርስ የስልክ መልእክት አገናኘች። እናቷ ሲጠፉ ፍለጋው ሦስት ሰዓት ፈጀ፤ አንዲት ጎመን ሻጭ ምሳ አብልታ፣ እጃቸውን ይዛ አመጣቻቸው። እሳቸው ግን ልቦናቸው ሲመለስ አለቀሱ። «ጉዴን አገር ሰማው!»

የመጨረሻው ልጅ ውብሸት ቆላ ነው ያለው። እሱ የጀመረው ከእግረኛ ነው። የየመንደሩን መንገድ በቀለም ለየ፤ ቁልፉን ሲጫኑት በሰው ድምፅ መንገድ የሚናገር ምሰሶ አቆመ። እናቱ የጠፉ ዕለት ግን ፈልጎ አጣቸው። ሊመሽ ሲል ጉልበታቸው ተልጦ፣ ከንፈራቸው በጥማት ደርቆ፣ ራሳቸው ደጁ ደረሱ። «ብቻዬን መጣሁ!» ብለው ሳቁ። እንዲያ ሲስቁ ካየ ስንት ዘመኑ! ጉልበታቸውን እያጠበ አለቀሰ።

ኋላ ሐኪሙ «ቦታ መቀያየሩ ይብሱን እያስረሳቸው ነው፤ አንድ ቤት ይርጉ» አለ። ልጆቹ ተሰበሰቡ።

«እኔ ጋ ክፉ አይነካትም» አለ ደምሰው።

«እኔ ጋ ሰው አታጣም» አለች ሰናይት።

«እኔ ጋ ገና ራሷን ናት» አለ ውብሸት።

ወይዘሮ ትርንጎ ሦስቱንም አገላብጠው ሳሙ። «ብመርጥም ነገ እረሳዋለሁ ልጆቼ። የማይረሳ ሰው ይምረጥልኝ» አሉ።

እንግዲህ እናንተ የእናት ልጆች፣ ፍረዱ፤ እኒህን እናት መጦር ለማን ይገባል?