ጓንጉል ከሾላው ሥር

እኛ አገር ሥራውን ሳይጨርስ ደረቱን የሚነፋ ሰው ሲገጥማቸው አዛውንቶቹ አንዲት አጭር ነገር ጣል ያደርጉበትና በሳቅ ይፈርሳሉ። ነገሪቱ እንዲያው ከመሬት የበቀለች አይደለችም፤ ባለቤት አላት። ባለቤቷም ጓንጉል ነው፣ ነፍሱን ይማረውና!

ጓንጉል አስካለን ወደደ። ወደደ ስል እህል ውሃ እስኪያስጠላው ነው። አባቷ አያ እንዳላማው በጉብዝናቸው ወራት ስመ ጥር አዳኝ ነበሩና ሽማግሌ ሲላክባቸው፣ «ምላሱንስ አውቀዋለሁ፤ እስቲ እጁን ልየው» አሉ። የወሉ ደን ለአደን የሚከፈተው ከመኸር በኋላ ለአንድ ቀን ብቻ ነው፤ የሚገደለውም ቀንድ ያወጣ ወንድ ድኩላ ነው። በዚያ ቀን ግዳይ ከጣለ አስካለን ሊድሩለት፣ ካልጣለ ለሌላ ጠያቂ ሊሰጧት ተነጋገሩ።

ደግ ሰው ናቸውና ምክሩን አልነፈጉትም።

«ስማ፣ ድኩላ እንደ በሬ ሜዳ ላይ ሣር ሲግጥ አይውልም። ጥሻ ለጥሻ እየሄደ ቅጠል ይቀነጥባል። አሁን ሾላው በስሏል፤ ጦጣዎቹ ከላይ ያራግፋሉ፣ እሱ ጀንበር ስታዘቀዝቅ መጥቶ ከሥር ይለቅማል። እዚያ አድፍጥ። ዓይኑ ቢስትህ አፍንጫው አይስትህም፤ ወንዝ ወርደህ ታጠብ፣ ሌላ ሽታ እንዳይነካህ!»

«እርስዎ ብቻ ደጅዎ ላይ ቆመው ይጠብቁኝ!» አለ ጓንጉል።

የገዳይ ወጉ ጸጉሩን ጎፈሬ አበጥሮ፣ ቅቤ ተቀብቶ፣ በእልልታ መግባት ነው። ጓንጉል ሌሊቱን ይህንኑ ሲያስብ አደረ። በማለዳ እህቱን ዘርፌን ቀስቅሶ ሚዶውን ሰጣት።

«ወንድምዓለም፣ መጀመሪያ ግደል እንጂ!»

«ስመለስ ይመሻል። አስካለ እንዲህ ተንጨባርሬ ልታየኝ ነው? ቀቢኝ፣ አትሰስቺ!»

ለጎረቤቱም ሁሉ እልልታ እንዲያዘጋጅ ነግሮ ወደ ደኑ ወረደ።

ከሾላው ሥር አደፈጠ። ቅቤው በፀሐይ ቀልጦ ወደ ዓይኑ ወረደ፤ በመዳፉ ጠረገው። ጦጣዎቹ ከላይ የሚጥሉት ፍሬ ጎፈሬው ላይ እየተለጠፈ ቀረ። እሱ ግን ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ቀንዳሙ ድኩላ፣ ያ የሰባ፣ ፍሬውን እየለቀመ መጣ! ቀረበ። አንድ ዝላይ ሲቀረው አፍንጫውን ቀና አድርጎ ቆመ። ለጋ ቅቤ ሸተተው። ጓንጉል ዘሎ ጦሩን ሲሰብቅ፣ ጦሩ ከቅቤያም መዳፉ ሙልጭ ብሎ እግሩ ሥር ወደቀ። ድኩላው እንደ ውሻ ጮኾ ጥሻው ውስጥ ገባ።

ምስኪኑ ጓንጉል በጓሮ ሾልኮ ቤቱ ሊገባ አሰበ፤ ነገር ግን ጎፈሬው ከሩቅ ታየበት። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፣ ጎረምሶቹ «ገዳይ! ገዳይ!» እያሉ ከበቡት፣ አስካለም አባቷን አስከትላ ከቤታቸው በሩጫ ወጣች።

«ድኩላውስ?» አሉ አያ እንዳላማው።

«እ... ሄደ።»

እሳቸው ጠጋ ብለው ከጸጉሩ ውስጥ አንዲት የሾላ ፍሬ ነቅለው አዩአት። አስካለ ሳቋ አላስቆም ብሏት መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ እንባዋን እየጠረገችም፣ «አባዬ፣ ለሌላ አትስጡኝ፤ እስከ ከርሞ እጠብቀዋለሁ» አለች። ጓንጉል ይህን ሲሰማ ከሀፍረቱ ደስታው በለጠ።

«ለከርሞ ይሁን» አሉ አያ እንዳላማው፣ ቅቤ የነካ ጣታቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ፤ ከዚያም ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞረው፣ «አይ ጓንጉል፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ!» አሉ።