ወደ ሰማይ የምታየው ጣሳ

የግራር ውሃን የቅዳሜ ገበያ የሚያውቅ ሰው ከጠላ ቤቶቹ መደዳ መጨረሻ ያለችውን ቤት ያውቃታል። በሌሎቹ ደጃፍ፣ እንደ ወጉ፣ እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ተደፍቶ ይታያል፤ ጠላ አለ ማለት ነው። የዚህችኛዋ ጣሳ ግን አፏ ወደ ሰማይ ነው። እንግዳ ሰው ሲያያት ሰካራም የሰቀላት ይመስለዋል፤ አልተሳሳተም።

ሽማግሌዎች እንደሚያወሩት ቤቷን የሠራት ጓንጉል የሚባል ኮርቻ ሰሪ ነው። እጁ ወርቅ ነበር ይባላል፤ ያስቸገረው ጉሮሮው ነው። ልጁን በዳረ ዕለት፣ ሙሽሪት ልትወጣ ስትል አባት ይመርቅ ተብሎ ቢፈለግ ቢፈለግ ጠፋ፤ ኋላ ከጠላ ቤት አጥር ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ሲያንኮራፋ ተገኘ። ልጅቱ ሳትመረቅ፣ እሱ ራሱ በሠራላት ኮርቻ ላይ ተቀምጣ እያለቀሰች ሄደች። ጓንጉል ነቅቶ ይህን ሲሰማ ሁለተኛ ላይጠጣ ማለ።

መማሉስ ማለ፤ የከበደው ቅዳሜ ነው። ለጊዜው ሚስቱ ይታክቱ ኮርቻውን ገበያ እየወሰደች ሸጠችለት፤ በኋላ ግን «እስከ መቼ ደብቄህ እኖራለሁ? በል ውጣ!» ብላ ሰደደችው። ሸጠ፤ ሲመሻሽ ግን እግሩ ራሱ እየመራ ከለመደው ደጃፍ አደረሰው። እዚያም የድሮ የጠላ ጓደኛውን አሰጌን ጭቃው ላይ ተዘርሮ አገኘው። ተራምዶት ሊገባ ነበር፤ አንጀቱ እንቢ አለው። ደግፎ አነሳውና ዳገቱን ይዘው ወጡ። አሰጌ አንዴ እየዘፈነ፣ አንዴ እየሰደበው፣ አንዴ አንገቱን አቅፎ እየሳመው ቤቱ ደረሱ። ጓንጉል ወደ ቤቱ ሲያቀና ምሽቱ ሳይጠጣ እንዳለፈለት ያኔ ገባው።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰካራም ፈልጎ መሸኘት ሥራው ሆነ። «ሰካራም ያጣሁ ዕለት ወዮልኝ!» ይል ነበር አሉ። ኋላም ከመደዳው መጨረሻ ይህችን ቤት ሠራ፤ የሚጠጡ ሰዎች ጠላ ቤት መስሏቸው እንዲገቡ ጣሳ እንዲሰቀልም አሰበ። የሰቀላት አሰጌ ነው። ሞቅ ብሎት ነበርና ገልብጦ፣ አፏን ወደ ላይ አድርጎ በጠፍር ጥፍር አድርጎ አሰራት። ይታክቱ በሳቅ ፈረሰች፤ ጓንጉል ግን «ተዪው፣ የእሱ ሥራ ናት» ብሎ እንዳለች ተዋት።

ሰዎቹም ጠላ ፍለጋ ገብተው በሶ ሲበጠበጥላቸው አታላይ እያሉ ሰደቡት፤ ሰድበው ጠጡ፤ ጠጥተውም ተሸኙ። አንዳንዱ ውሎ አድሮ ተወ። አሰጌ ግን በየሳምንቱ ይሰድባል፣ ተሸኝቶ ይሄዳል፣ በሳምንቱ ሰክሮ ይመጣል።

አንድ የክረምት ቅዳሜ፣ እንደሚነገረው፣ ዝናቡ አላስወጣ ብሎ ማንም ሳይመጣ ቀረ። ከጎረቤት የጌሾው ሽታና ሳቁ ይመጣል። ጓንጉል ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ ደግሞ ተቀመጠ። በመጨረሻ እግሬን ላፍታታ ብሎ ራሱን እየዋሸ ጋቢውን ደረበና በሩን ሲከፍት አሰጌ ፊቱ ቆሟል። ዝናብ አበስብሶታል፤ ትንፋሹ ግን ምንም አይሸትም።

«ወዴት ነው?» አለው አሰጌ።

ጓንጉል ጋቢውን ሰብሰብ አደረገ። «አንተስ ሳትጠጣ ምን እግር ጣለህ?»

«ገበያው ጭር ሲል አየሁና፣ ይሄን ሰውዬ ዛሬ ማን ቤቱ ያደርሰዋል ብዬ መጣሁ። ጠጥቼ ብመጣማ ሸኚው አንተ ልትሆን አይደል?»

ጓንጉል በሩን ይዞ እንደ ሕፃን አለቀሰ ይላሉ። ከዚያም ተደጋግፈው ዳገቱን ወጡ። አሰጌም ከዚያ ወዲያ አልቀመሰም፤ የሚሸኘው ሰው ነበረዋ። የጓንጉል ልጅም ይህን ሰምታ ሕፃኗን አዝላ መጣች፤ የዘገየውን ምርቃትም ከነልጇ ተቀበለች።

ዛሬም ጣሳዋ አፏን ከፍታ የዝናብ ውሃ ታቁራለች፤ ድንቢጦች ይጠጡባታል። ቅዳሜ ሲመሻሽ ከዚያች ቤት ሰዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ ወጥተው ዳገቱን ይያያዙታል። መንገድ ላይ ያገኛቸው ሁሉ ቆሞ ሰላም ይላቸዋል። ከሁለቱ ሸኚው የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ግን በግራር ውሃ ነውር ነው።