መርከብ የምትጠብቀው ሴትዮ

ሲያስነጥሱ «ይማርዎ» የሚሉ ሦስት ጸሐፊዎች የቀጠሩ፣ አቶ ይግለጡ የሚባሉ የመዝናኛ መርከብ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነበሩ አሉ። አንዲት በርበሬ ነጋዴ ከሞምባሳ በሚነሳው መርከባቸው ለመሄድ ሰባት ዓመት ስትመኝ ኖራ ትኬት ቆረጠች። እስከ ሞምባሳ የምትበርበትን የአውሮፕላን ትኬት ግን ከሌላ ቦታ፣ በራሷ ገዛች። ይህን ሲሰሙ አስጠሯትና የመርከቡን ትኬት ከእጇ ተቀበሏት።

«ስሚ አንቺ» አሏት፣ ትኬት ሊቆርጥ ወረፋ የያዘው ሁሉ እየሰማ። «በእኛ በኩል የሚበር መንገደኛ ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቀዋል። አንቺን የሚጠብቅበት አንድ ምክንያት ንገሪኝ! ካጣሽ ወይ የአውሮፕላኑንም ትኬት ከእኛ ትገዣለሽ፣ ወይ ይህን ትኬት እሰርዘዋለሁ።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ምንም ምክንያት የለም ጌታዬ። እኔ ለደሴ አውቶቡስ እንኳ ከዋዜማው መናኸሪያው አጠገብ አልጋ ይዤ የማድር ሰው ነኝ። ለመርከብማ ሦስት ቀን ቀድሜ ደርሼ እኔው እጠብቀዋለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ የእርስዎ አውሮፕላን በሰዓቱ የሚያደርስ ከሆነ፣ መርከቡ ቆሞ የሚጠብቀው ማንን ነው?»

ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው አንድ በአንድ ወረፋውን ጥሎ መውጣት ሲጀምር ያዩት አቶ ይግለጡ፣ ትኬቷን በሁለት እጃቸው መለሱላት።