በአንገቱ መብራት የመራው ዶሮ

እናንተ ጠጋ በሉ፣ እኔም ልንገራችሁ። ድሮ ነው፤ ግን በጣም ድሮ አይደለም፤ መብራት ከገባ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ዶሮም፣ ከበሮም፣ አምፖልም አፍ ነበራቸው። ይናገራሉ፤ ሰው ግን ጆሮ አይሰጣቸውም።

በዚያ ዘመን አንድ ገብስማ አውራ ዶሮ ነበረ። ለገና ተገዝቶ ይርዳውና አስካለ የሚባሉ ባልና ሚስት ግቢ ገባ፤ እግሩን ታስሮ አጥር ሥር ተቀመጠ። ለምን እንደ ተገዛ ያውቃል። ቢላዋ ነግሮታል።

«ወንድሜ፣ እንዳትቀየመኝ፤ ሥራዬ ነው» አለው ቢላዋ ከመስኮቱ ደፍ ላይ ሆኖ።

«አልቀየምህም» አለ ዶሮ። «ባትቸኩል ግን ደስ ይለኛል።»

ባልና ሚስቱ እስከዚያ ዓመት በኪራይ ነበር የኖሩት። አከራያቸው ገና መሸት ሲል «መብራት አጥፉ» እያለች በር ትደበድብ ነበር። አሁን የራሳቸውን ቤት ሠርተዋል፤ የመጀመሪያ ገናቸው ነው። አስካለ ባለቀለም አምፖሎች የተደረደሩበት ገመድ ገዝታ በበረንዳው ዙሪያ ዘረጋች። ይርዳው ደግሞ ከአባቱ የወረሰውን ከበሮ ከግድግዳ አወረደ። ሐሳባቸው ከበሮው ዱም ሲል አምፖሎቹ ቦግ፣ ከበሮው ዝም ሲል አምፖሎቹ ድርግም እንዲሉ ነው። ለዋዜማው ምሽት ሰፈሩን ሁሉ ጠሩ፤ እንዲህ ያለ ነገር አይተን አናውቅም ያላለ ጎረቤት አልነበረም።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ሞከሩት። ይርዳው ከበሮውን ያዘ፣ አስካለ ማብሪያውን ያዘች። ይርዳው እጁን ከማንሣቱ አምፖሎቹ ቀድመው ቦግ አሉ።

«ቆይ በይ እንጂ» አለ ይርዳው።

«ቆይቻለሁ፤ አንተ ነህ የዘገየኸው» አለች አስካለ።

ከበሮውን ይህ ጎረበጠው። «እናንተ ልጆች፣ ትናንት ከሱቅ መጥታችሁ ዛሬ ሽማግሌ ትቀድማላችሁ?»

«እኛ ለመታየት ነው የመጣነው፤ ለመጠበቅ አይደለም» አሉ አምፖሎቹ።

ሁለተኛ ሞከሩ። ከበሮው አኮረፈ፤ ይርዳው ቢመታው፣ ቢመታው ድምፁ እንደ ረጠበ ጆንያ ሆነ። አምፖሎቹም አኮረፉ፤ አስካለ ብትጫን፣ ብትጫን አንዳቸውም አልበሩም። ባልና ሚስቱ ምንም ባልበራበት በረንዳ ላይ ተፋጠው ቆሙ።

«ያበላሸኸው አንተ ነህ» አለች አስካለ።

«እኔ ነኝ ገመድ የገዛሁት?» አለ ይርዳው። ከበሮውንም መሬት ላይ አስቀመጠ። «ይቅር። ጎረቤት ፊት ከምንዋረድ መብራቱም ይቅር፣ ከበሮውም ይቅር። ዶሮውን ልረድና ቢያንስ ወጡ ይድረስ።»

አስካለ በረንዳው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ይርዳው ቢላዋውን አንሥቶ ድንጋይ ላይ ይስለው ጀመር።

ዶሮው ያን ድምፅ ሲሰማ ላብ አጠመቀው፤ ዶሮ ያልበው እንደ ሆነ። አሁን ካልተናገረ መቼም እንደማይናገር ገባው።

መጀመሪያ ወደ ከበሮው ዞረ። «አባ ከበሮ፣ አምፖሎቹ ‹ሽማግሌውን መቅደማችን ነውር ነበር› ሲሉ ሰማኋቸው።»

ቀጥሎ ወደ አምፖሎቹ አንጋጠጠ። «ልጆች፣ ከበሮው ‹እነሱ ካልበሩልኝ እኔን ማን ያየኛል› ሲል ሰማሁት።»

አንዳቸውም እንዲህ አላሉም። ግን ሁለቱም ደስ አላቸው።

«ጥሩ ነው» አለ ከበሮው ጉሮሮውን ጠርጎ። «እኔ ግን እነሱን አልከተልም።»

«እኛም እሱን አንከተልም» አሉ አምፖሎቹ።

«ማን ተከተሉ አላችሁ?» አለ ዶሮ። «ሁላችሁም የኔን አንገት እዩ። አንገቴን ሳነሣ፣ አሁን ነው። ሳወርድ፣ ዝም ነው። ከዶሮ ጋር መስማማት ማንንም አያሳፍርም።»

ይህን ሲል ይርዳው መጥቶ እግሩ እንደ ታሰረ አነሣው። ዶሮው በይርዳው ብብት ሥር ሆኖ አንገቱን አነሣ፣ አወረደ፤ አነሣ፣ አወረደ። አምፖሎቹ ቦግ፣ ድርግም፤ ቦግ፣ ድርግም አሉ። መሬት ላይ የተቀመጠው ከበሮም ማንም ሳይነካው ዱም፣ ዱም አለ።

አስካለ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች። «ይርዳው፣ አንገቱን እየው።»

«እሱን ነው የማየው» አለ ይርዳው፤ ቢላዋው እጁ ላይ ደርቆ ቀረ። «ልቆርጠው ነበር።»

ሦስተኛ ሞከሩ። ዶሮውን አጥሩ ላይ አቆሙት፤ ይርዳው ከበሮው ላይ፣ አስካለ ማብሪያው ላይ ሆኑ፤ ዓይናቸውን ግን ከዶሮው አንገት አልነቀሉም። ቦግና ዱም አንድ ላይ ወጡ። አስካለ ሳቀች፤ ይርዳውም እሷን አይቶ ሳቀ።

ጀንበር ስትጠልቅ ሰፈሩ ግቢውን ሞላው። አሮጊቶቹ አጨበጨቡ፣ ልጆቹ ዘለሉ፣ የታችኛው ሰፈር ሰው አጥር ላይ ተንጠለጠለ። ዶሮው ጭብጨባው ራሱ ላይ ወጣበትና መሐል ላይ አንገቱን ሁለቴ ቶሎ ቶሎ ነቀነቀ፤ ከበሮው ተደናቀፈ፣ ቀዩ አምፖል ብቻውን ቦግ አለ። ያን ጊዜ ዶሮው መስኮቱን አየት አደረገ፤ ቢላዋው እዚያው ነው። ወዲያው ወደ ልኩ ተመለሰ፤ ሰዉ ግን አዲስ ስልት የመጣ መስሎት ይበልጥ አጨበጨበ።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎረቤት ለመፈሰክ ተሰበሰበ። ቢላዋ ሌሊቱን ሽንኩርት ሲከትፍ አድሮ ዓይኑ ቀልቷል። ወጡ ቀረበ፤ ቀይ ነው፣ ቅቤው ይታያል፣ እንቁላሉ ሞልቷል። አንድ አጎት በእንጀራ ከዳር እስከ ዳር አሰሱ፤ ምንም አላገኙም።

«አስካለ ልጄ፣ ብልቱ የት ሄደ?» አሉ።

«አጥር ላይ ነው፣ ጋሼ» አለች አስካለ። «ትናንት ያጨበጨቡለት እሱ ነው።»

አጎት ወደ አጥሩ አዩ፣ ወደ ወጡ አዩ፣ ከዚያም እንቁላል ጨምሪልኝ አሉ።

እንግዲህ ልጆች፣ ሁለት ኩሩዎች ሲጣሉ አንዱን አሸንፎ ማስታረቅ አይቻልም፤ ማንም ሳይሸነፍ የሚስማሙበትን መንገድ የሚያገኝ ግን ቤቱንም ራሱንም ያድናል።

ፋሲካ ሲመጣስ እንዴት ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ዶሮውም ይህንኑ አስቦ ነው በማግስቱ ማለዳ፣ ማንም ሳያዘው፣ አዲስ ዜማ መለማመድ የጀመረው።