ቁርስ የሚባለው ማሳ

በሸዋ ቆላ፣ ቁልቋል በር ከምትባል መንደር ግርጌ፣ ቁርስ የሚባል ማሳ አለ። እንግዳ ሰው ስሙን ሰምቶ መሳቁ አይቀርም፤ የመንደሩ ሰው ግን አብሮት አይስቅም። በዚያች መንደር ቦሎቄ በሚነቀልበት ማለዳ ማንም እህል አይቀምስም። ደቦው የሚወጣው በባዶ ሆድ ነው፤ ማዕድ የሚቀርበው ጤዛው ከተነሳ በኋላ ነው፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ ደግሞ ባለ እርሻው የሚያጎርሰው ለተቀያየመው ሰው ነው። ከማንም አልተቀያየምኩም የሚል ቢገኝ ሽማግሌዎቹ «እስቲ ደህና አድርገህ አስብ» ይሉታል፤ አስቦ ያጣ ሰው እስካሁን አልተሰማም።

ይህን ሁሉ ያመጣችው እንግዳሸት የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ናት ይባላል። በእሷ ዘመን የቁልቋል በር ሰው ቦሎቄን ለንፍሮ ያህል ማሽላ መሃል ጣል ጣል ከማድረግ በቀር እንደ እህል ቆጥሮ ዘርቶት አያውቅም። ባሏ አሰግድ ሲሞት ታላቅ ወንድሙ ወልደየስ፣ ሴት ብቻዋን አታርሰውምና መሬቱ ለእኔ ይመለስ ብሎ ሽማግሌ ፊት ቆመ። ሽማግሌዎቹም ግራ ቀኙን ሰምተው፣ ይህችን መኸር ታሳየን፣ ራሷንና ልጇን የሚያኖር ነገር ካላገኘችበት መሬቱ ለወልደየስ ይሁን ብለው ቆረጡ። እንግዳሸት ያንን መሬት ብታጣ ልጇን አዝላ የምትገባበት ቤት አልነበራትም።

በዚያው ሰሞን ነጭ ቦሎቄ የሚፈልግ ነጋዴ ከከተማ መጥቶ ነበር አሉ። እህሉ ባሕር ማዶ እንደሚፈለግና ያመረተችውን ሁሉ እንደሚገዛት ነገራት፤ ነገር ግን የተሰነጠቀና ዝናብ ያጠቆረውን ዓይኔም አያየው ብሎ አስጠነቀቃት። እሷም ማሳውን እስከ ዳር ድረስ ቦሎቄ ዘራችበት። መንደሩ ጉድ አለ፤ ሴትዮዋ ንፍሮ ልትነግድ ነው እያሉ ሲሳለቁባት ከረሙ። እሷ ለሳቁ ጊዜ አልነበራትም። ሲያብብ አበባው ይረግፍ ይሆን፣ ሲያፈራ ትል ይገባው ይሆን እያለች ማሳውን ስትመላለስበት ከረመች፤ ጥቅምት ላይ ቅጠሉ ረገፈ፣ ፍሬውን የያዘው ቆባም ቢጫ ሆነ። ያኔ ደቦ ጠራች።

የአገሩ ደንብ ደቦ የወጣ ሰው በልቶ፣ ጠጥቶና መርቆ ማሳ እንዲወርድ ነበር። ለማሽላ ይህ ምንም አልጎዳም፤ ማሽላ ይታገሣል። እንግዳሸትም እንዳታፍር ብላ በቤቷ ያለውን ሁሉ አቀረበች። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ አቶ መሸሻ ለመመረቅ ሲነሱ፣ እሷ ከበሩ ላይ ሆና ፀሐይዋን ታያለች። ሰውዬው ምርቃት አይሰለቻቸውም፤ እሷን መርቀው፣ ልጇን መርቀው፣ ከብቶቿን መርቀው፣ አገር ሰላም ይሁን ሲሉ ጠላው ዳግመኛ ተቀዳ። ሰዉ እየዘፈነ ማሳ ሲደርስ ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር።

ጉዱ የመጣው ያኔ ነው። ተክሉን ያዝ አድርገው ሳብ ሲያደርጉት የደረቀው ቆባ ጣ እያለ ይከፈትና ፍሬውን መሬት ላይ ይበትነዋል። እንግዳሸት ከኋላ ከኋላቸው እየተንበረከከች ትለቅም ጀመር፤ የምትለቅመው ሲሰነጠቅ፣ ያልለቀመችው ሲረገጥ፣ ዘፈኑ እየደመቀ ሲሄድ እሷ የምትሰማው ያንን ጣ ጣ የሚለውን ድምፅ ብቻ ነበር። እንጀራዋን በልቶ የሚያግዛትን ሰው ምን ብላ ትቆጣው? ማሳው እኩሌታ ላይ ሲደርሱ ግን አልቻለችም፤ አቁሙልኝ ብላ ለመነች። ሰዉም ቅር ብሎት ተበተነ።

ብቻዋን ስትቀር፣ በማሳው ዳር ካለው ትልቅ ድንጋይ ጥላ ሥር ሁለት ሦስት እግር ቦሎቄ ነቅላ አየች። እዚያ የጤዛው እርጥበት ገና ስላልለቀቀ ቆባው ሳይከፈት ተነቀለ። ቀና ስትል ደግሞ በተራራው ጫፍ ላይ ጥቁር ደመና ተቀምጧል። ወዲያው ከቤት ቤት እየዞረች፣ ነገ ጎህ ሲቀድ፣ ጤዛው ሳይነሳ፣ ቁርስ ሳትበሉ ኑልኝ እያለች ለመነቻቸው። ይህ በዚያ አገር ስድብ ነው። ለሆዳችን የመጣን መሰላት ያሉ ነበሩ፤ ዛሬ አባራን ነገ ደግሞ በረሃብ ልታሠራን ነው ያሉም ነበሩ። ወልደየስ ከማሳው በላይ ባለው አጥሩ ላይ ተደግፎ ሰማትና ወደ ቤቱ ገባ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ማሳው ዳር ቆማ ጠበቀች። መንገዱ ላይ ማንም የለም። ደመናው ከተራራው ወረድ ብሏል። ቢቸግራት ብቻዋን መንቀል ጀመረች። ቀና ስትል ወልደየስ ጋቢውን ተከናንቦ ቁልቁል ሲመጣ አየችው።

«ዋርሳዬ፣ መሬቱን ሊያዩ ከመጡ ገና አላለቀም፤ ይታገሡኝ» አለችው።

ወልደየስ ጋቢውን ድንጋዩ ላይ ጣለና ጎንበስ አለ።

«ትናንት ሲረግፍ ከቤቴ ሆኜ ሰማሁት» አላት። «እህል ሲረግፍ እየሰማሁ መሬት አልወርስም።»

ከኋላው ሌሎች አንድ ሁለት እያሉ መጡ፤ ማታ በየቤቱ ዞሮ የቀሰቀሳቸው እሱ ኖሯል ይባላል። የራበው ሰው አይዘፍንምና ማሳው ጭጭ አለ። ፀሐይዋ ስትበረታ እንግዳሸት አንድ ቆባ በጣቷ ጫን አለች፤ ጣ አለባት። ጥቂት መስመር ቢቀርም በቃ አለቻቸው። የነቀሉትን ተሸክመው ጣሪያዋ ሥር ከመሩት። ማዕድ ሲቀርብ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለወልደየስ አጎረሰችው፤ ገና አላምጦ ሳይውጠው ዝናቡ ወረደ። ሰዉ ሁሉ እጁን ማዕዱ ላይ እንዳደረገ ክምሩን ያይ ነበር።

ነጋዴው ከመርገፍ የዳነውን የማሳውን እኩሌታ ገዝቶ ወሰደ። ዋጋው ለእንግዳሸትና ለልጇ ይበቃ እንደሆነ ግን ሽማግሌዎቹ ገና አልቆረጡምና ማሳውን ሊያዩ ወረዱ። በመጀመሪያው ቀን የተነቀለበት ወገን፣ የረገፈው ሁሉ ዝናብ አግኝቶ ችምችም ብሎ በቅሏል፤ መሬት አይታይም። ከመካከላቸው አንዱ ይህን ሁሉ ያባከነችው እሷ ናት ለማለት አፉን ሲከፍት አቶ መሸሻ በከዘራቸው አስቆሙት። አረንጓዴውን አዩና፣

«እሷ አይደለችም» አሉ። «ይህ የኛ ቁርስ ነው።»

መሬቱም ለእንግዳሸት ጸና።

ያ ወገን እስከ ዛሬ ቁርስ ይባላል። የሚያርሱትም የልጅ ልጆቿ ናቸው አሉ። በቁልቋል በር የቦሎቄ ደቦ ሲወጣ ዛሬ የሚመርቀው ሽማግሌ ከመሸሻ ዘር ነው፤ ማሳው ዳር ቆሞ «ግቡ» ይላል፤ ከዚያ በላይ አይናገርም።