አንጀት የሚበላው ወንዝ

አንድ ጊዜ፣ አውሬዎች በአንድ ንጉሥ ሥር ተሰብስበው በሚኖሩበት ቆላ አገር፣ እመት አህያ የምትባል ዘፋኝ ነበረች። ዘፋኝ የሆነችው በስተርጅና ነው። ዕድሜዋን ሙሉ እህልና ጨው ስትሸከም ኖራ ጉልበቷ ሲዝል፣ ባለቤቷ «ከእንግዲህ ለጅብ ነሽ» ብሎ ጫካ ዳር ለቀቃት። እዚያ ቆማ ለራሷ ስታንጎራጉር ንጉሥ አንበሳ ሰማትና አዋጅ አስነገረ። «በየቅዳሜው አዲስ ዘፈን እስካመጣችልኝ ድረስ እመት አህያን ማንም እንዳይነካት። ሳታመጣ የቀረች ቀን ግን ጅብ ይውሰዳት» አለ። ነገሥታት እንዲህ ናቸው፤ ሲምሩም ቀን ይቆርጣሉ።

«አህያ ደግሞ ምን ድምፅ አላት?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ድምፅማ የላትም። ያላት ጆሮ ነው። በየቅዳሜው ማለዳ ወንዝ ትወርድና እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ገብታ፣ ውሃው ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ሲዘል የሚያሰማውን ዜማ ታዳምጣለች። ከዚያ አፏን ገጥማ፣ እንዳይፈስባት እየተጠነቀቀች፣ በአፍንጫዋ እያንጎራጎረች ቤቷ ታደርሰዋለች። የአገሩ ሙያተኛ ሁሉ እንደዚሁ ነበር። ጉሬዛ እስክስታውን የተማረው ውሃው በፀሐይ ሲንቀጠቀጥ አይቶ ነው። ኤሊም በጭቃ ላይ የሚስለውን ሐረግ የሚቀዳው ከሞገዱ ነው።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ ኤሊ ዳር ላይ ሆኖ፣ «ወንዙ ዛሬ እንዴት አደረልሽ፣ እትዬ?» ሲል ጠየቃት።

«ተወኝ እባክህ። ዛሬስ አንጀቴን በላው» አለች እመት አህያ፤ ዜማው ሆዷን አባብቶት ነበርና።

«የእኔንም በልቶታል» አለ ኤሊ።

ይህን ሲሉ አያ ጅቦ ከቁጥቋጦ ሥር ተኝቶ ይሰማ ነበር። አያ ጅቦ አንጀት የሚለውን ቃል ሲሰማ ጆሮው ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ንግግር አይገባውም። እየሮጠ ቀበሮ ዘንድ ሄደ።

«ቀበሮ፣ ያ ወንዝ ለካ አንጀት ይበላል። የአህያንም የኤሊንም በላ አሉ።»

ቀበሮም ዘፋኝ ነበር። አንድ ዘፈን ነበረው። ድሮ ተጨብጭቦለት ስለነበር ይኸው አሥር ዓመት እሱኑ ይዘፍናል። እመት አህያ ከመጣች ወዲህ ግን በንጉሡ ዋርካ ጥላ ሥር የነበረውን ቦታ አጥቷል። የጅብን ወሬ ሲሰማ ሊስቅ ነበር፤ ነገሩን አሰብ አደረገና ሳቁን ዋጠው።

«አላወቅህም እንዴ፣ አያ ጅቦ? የስንቱን አንጀት ሲበላ የኖረ ወንዝ ነው። የት የሚደርስ ይመስልሃል? ከሥሩ ተከማችቶ ነዋ።»

«ታዲያ ለምን አይታይም?»

«ውሃ ለብሶ እንዴት ይታይ? ከላይ በጠባቡ በኩል በድንጋይ ድፈነውና ውሃውን ወደ ገደሉ መልሰው። ከዚያ ደለሉን መቆፈር ነው።»

አያ ጅቦ ሦስት ቀን ሙሉ ድንጋይ ሲያንከባልል ከረመ። በሕይወቱ እንደዚያ ሠርቶ አያውቅም።

በቀጣዩ ቅዳሜ ጠዋት እመት አህያ እንደ ልማዷ ስትወርድ ወንዙ የለም። ዓሣው ደርቆ ዝንብ ወሮታል። ኤሊ የተሰነጠቀ ጭቃ ላይ ተቀምጧል። ወደ ላይ ብታይ የድንጋይ ክምር አለ። ወደ ታች ብታይ አያ ጅቦ እስከ ወገቡ ጉድጓድ ገብቶ አፈር ይዝቃል።

በዚያች ሳምንት ከወንዙ የቀዳችው ዜማ አልነበራትም። ቅዳሜ ደግሞ ዛሬ ነው። ያን ቀን መፍራት ነበረባት፤ ፍርሃትም ጉልበት ይጠይቃልና አልፈራችም። ደከማት ብቻ። ባለቤቷ ሲለቃት የደከማት ድካም፣ የጨው ዳገቱ ድካም፣ በየሳምንቱ «አዲስ አምጪ» የመባሉ ድካም፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣባት። ደረቁ አሸዋ ላይ ቆማ፣ ለማንም ሳይሆን፣ እንዲህ አለች፦

«ሸክሜን ላወርድብህ ስመጣ ደክሜ፣
አንተም ተሸክመህ ቆየኸኝ ወንድሜ።»

ደግማ አለችው። ከዚያ ፊቷን አዙራ ወደ ንጉሡ ዋርካ መንገድ ጀመረች። ከጉድጓዱ ውስጥ አያ ጅቦ ራሱን ብቅ አድርጎ፣ ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ፣ «አንቺ፣ ምን አደረግሽኝ?» አላት።

«ምንም» አለች፤ ዞራም አላየችው።

ከዋርካው ሥር አውሬው ተሰብስቧል። ቀበሮ ቀድሞ ደርሶ ያቺኑ ዘፈኑን ጨርሷል። አንበሳ አዛጋ። ተራዋ ሲደርስ እመት አህያ ራሷን ዝቅ አድርጋ፣ «ንጉሥ ሆይ፣ ዛሬ ለእርስዎ ይዤ የመጣሁት የለም። ወንዙ ደርቋል» አለች።

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «መቼም አዋጅ አዋጅ ነው፣ ንጉሥ ሆይ። ሐዘኑ የሁላችንም ቢሆን አያ ጅቦ ይጠራ።»

መጥራትም አላስፈለገም። አያ ጅቦ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ሆዱን እንዳቀፈ፣ እያለከለከ መጣ።

«ንጉሥ ሆይ፣ ክስ አለኝ። ይህቺ አህያ አንጀቴን በልታዋለች። ትመልስልኝ።»

አንበሳ ወደ አህያዋ አየ፣ ወደ ጅቡ አየ።

«በምን በላችው? በጥርሷ ነው?»

«የለም። ሩቅ ነበረች። ቆማ ስታዜም ነው። ከዚያ እዚህ ጋ» አለና ሆዱን ነካ፣ «ያዘኝ። ረሃብ መሰለኝ፤ ረሃብ ግን አይደለም፣ ረሃብን አውቀዋለሁ። የሞተችው እናቴ ትዝ አለችኝ። ዓይኔም ውሃ አወጣ። ከዚያ ወዲህ መቆፈር አቃተኝ።»

«ለመሆኑ ምን ትቆፍር ነበር?»

«ወንዙ የበላውን አንጀት። ድፈነው ያለኝ ቀበሮ ነው፤ ከሥሩ ተከማችቷል ብሎኝ።»

ቀበሮ ጭራውን ሰብስቦ ወደ ኋላ ሊል ሲል ነብር መንገዱን ዘጋበት።

«ቀበሮ» አለ አንበሳ፣ «አንተ አሥር ዓመት ስትዘፍን የማንንም ሆድ ነክተህ አታውቅም። ይህቺ ደግሞ በደረቅ አሸዋ ላይ ጅብን አስለቀሰች። እንግዲህ ዘፈን አላመጣችም ማለት ምን ማለት ነው? ሂዱና ያንን ድንጋይ አንሱ፣ ሁለታችሁም። ወደየተነሣበትም መልሱት።» ከዚያ ወደ እመት አህያ ዞሮ፣ «እስኪ እሱኑ ለእኔም በይልኝ» አላት።

«ይቅር ይበሉኝ፣ ንጉሥ ሆይ» አለች እመት አህያ፣ «ዛሬ አልችልም። ደክሞኛል።»

አንበሳም ከዚያ ቀን ጀምሮ የቅዳሜውን ቀጠሮ አነሣላት።

ድንጋዩ እስኪነሣ አምስት ቀን ፈጀ። በመካከሉ ሌሊት የዘነበ ዝናብ ገደሉን ስለሸረሸረው ግማሹ ውሃ በዚያው ፈሶ ቀረና የተመለሰው ግማሹ ብቻ ነበር፤ ድንጋዮቹም ቦታቸው ተለዋውጦ ስለነበር የድሮው ዜማ አልተገኘም። እመት አህያ እስከ ጉልበቷ ሳይሆን እስከ ሰኮናዋ ብቻ ውሃ ውስጥ ገባች። ረጅም ጆሮዋን ወደ ውሃው ዘንበል አድርጋ፣ በዚያ ዕድሜዋ፣ ከ«ሀ» ብላ ማዳመጥ ጀመረች።

ከዚህ የምንማረው፣ ሌላውን የሚያኖረውን ነገር በራሳችን ሆድ ብቻ ተርጉመን ብንደፍነው እኛ የምናገኘው ባዶ ጉድጓድ ሲሆን፣ የደከመው ወገናችን ደግሞ ጥፋታችን ከታረመ በኋላም እንኳ እንደገና ከመጀመሪያው ለመነሣት እንደሚገደድ ነው።