ተራ የሚያስጠብቀው ካርቱን

አቶ መኩሪያው የመዋዕለ ሕፃናት ባለቤት ነበሩ። ለልጆች መልካም ጠባይ ያስተምራል ያሉትን ካርቱን አሠርተው፣ ወላጆችን ከነልጆቻቸው ጠርተው አሳዩ። በካርቱኑ ላይ ያለችው ጥንቸል ተራዋን ትጠብቃለች፤ የሰው ንግግርም አታቋርጥም። አስተያየት ሲጠየቅ ግን አቶ መኩሪያው የተነሣውን ሁሉ ሳያስጨርሱ አስቀመጡት። በመጨረሻ ወደ አንዲት ጎመን ሻጭ ዞሩ።

«አንቺስ? ጠባይ ያስተምራል ወይስ አያስተምርም? አያስተምርም የሚል ልጁን ይዞ ይውጣ!»

ሴትየዋ በሰፈሩ ሌላ መዋዕለ ሕፃናት እንደሌለ ታውቃለች። በፍርሃት ማሞገሱ ደግሞ አልዋጥልሽ አላት።

«ኧረ በደንብ ያስተምራል፣ ጋሼ!» አለች ልጇን አቅፋ። «ይህች ልጅ አንዴ ብታየው፣ ይኸው እስካሁን ማንንም አላቋረጠችም። እርስዎ ግን ሥራ ስለሚበዛብዎ ገና ያላዩት ይመስለኛል።»